በገጹ ጠርዝ ላይ የጻፈው ሰው

«ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ይላሉ ሰዎች። ፀጉር ቤት ተቀምጠው፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው፣ ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቁ የሚያነቡትን የፍቅር ልብ ወለድ ማለታቸው ነው። ቆንጆ የድሃ ልጅ፣ መኪና ያለው ጎረምሳ፣ መንገድ ላይ የጠፋ ደብዳቤ፣ ምቀኛ አክስት፣ በመጨረሻ ሠርግ። «ቀላል ነገር እኮ ነው፤ አንብበሽ ትረሺዋለሽ፤ ማንን ይጎዳል?» ይሉኛል። እኔም ፈገግ ብዬ አልፋለሁ። የተጎዳ ሰው ስለማውቅ ክርክሩን አልወደውም።

ባለፈው ሰኔ ለጉዳይ ፒያሳ ወጥቼ ነበር። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ላይ ስሄድ የድሮ ግቢያችን የነበረበትን ቦታ ፈለግሁት። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አጣሁት። አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው፤ ወንበር ተደርድሮበታል፣ አበባ ተተክሎበታል። አምሯል፣ አልዋሽም። እዚያው ጠርዝ ላይ አንድ ልጅ እግር ላስቲክ ላይ አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቷል። ጎንበስ ብዬ አንዱን አነሳሁ። ጀርባው በሲሚንቶ ወረቀት ተለብዷል፤ ክሩ ወፍራም ነው። ስገልጠው የእርጥበት፣ የዱቄት ሙጫና የናፍጣ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። «እናት፣ እሱ የሚያስለቅስ ነው፤ ውሰጂውና ትመርቂኛለሽ» አለኝ ልጁ። ቦታው መለስኩትና ሄድኩ። ቸርችልን እስክጨርስ ድረስ ግን ሽታው ከእጄ አልለቀቀም።

የዚያን ክረምት አስራ አንድ ዓመቴ ነበር።

ግቢያችን ውስጥ ስድስት ቤት ነበር። ከቧንቧው አጠገብ ያለችው አንድ ክፍል የእትዬ ስንዱ ናት። እትዬ ስንዱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ እኔ ዛሬ ከዚያ አልፌአለሁ፣ ግን አሁንም በሐሳቤ እንኳን «አንቺ» ልላቸው አልችልም። ክረምት ለእሳቸው የዩኒፎርም ወቅት ነው። ሰማያዊው ጨርቅ ከአልጋቸው ጀምሮ እስከ መስኮቱ ይከመራል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል፣ የእግር መኪናቸው ከስር ይንጫጫል፣ እኔ ደግሞ ከሁለቱም በላይ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ትምህርት ስለተዘጋ ከምሳ በኋላ እስከ አስር ሰዓት ድረስ ሥራዬ ይኸው ነበር። ደመወዜ ዳቦ በማርማላታ ነው።

ለግቢው ሰው «መርፌ ስሰካ ውዬ ዓይኔ ይደክማል፣ ትርሲት ታንብብልኝ እንጂ» ይላሉ። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ግድግዳቸው ላይ በመስታወት የተሰቀለ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት አለ። ያንን ያገኙት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ሌላው ሲጮህ አብረው እየጮሁ ነው። «ፊደሉን አንድ በአንድ ብትጠይቂኝ አውቀዋለሁ፣ ማያያዙ ላይ ነው የሚጠፋኝ» ብለውኛል አንድ ቀን። ይህን ሲነግሩኝ በሩን ዘግተው ነበር። ማንበብ የማይችል ትልቅ ሰው እንዳለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ አንድ ትልቅ ሰው በእጄ የገባ መሰለኝ።

መጽሐፉን የምከራየው ከጋሽ ሁሴን ነው። ጋሽ ሁሴን የወሎ ሰው ናቸው፤ ፎቅ ቤት ደረጃ ስር አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ከአርብ ጁምዓ በስተቀር አይዘጉም። የተቀደደውን በዱቄት ሙጫ ይለጥፋሉ፣ የተገነጠለውን በጆንያ መስፊያ ይሰፋሉ፣ ሽፋኑ ያለቀውን በሲሚንቶ ወረቀት ይለብዳሉ። በእያንዳንዱ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ በቀይ «መጻፍ ክልክል ነው» ብለው ጽፈዋል። ከስሩ አንዱ «ለምን?» ብሎ ጽፎበታል።

ሁሉም ሰው ይጽፍ ነበር። ያን ጊዜ መጽሐፍ ተከራይቶ ዝም ብሎ የሚመልስ አልነበረም፤ የሰፈሩ አንባቢ በሙሉ በገጹ ጠርዝ ላይ ያወራል። «ምስኪን» ይላል አንዱ። «አትመኚ፣ ያገባታል ብለሽ ነው?» ይላል ሌላው። «መቶ ሃያ ላይ ትሞታለች፣ አትድከሙ» የሚል ክፉም አለ። መጨረሻው የጎደለ መጽሐፍ ላይ «የቀደደው ሰው እንቅልፍ አይውሰደው» የሚል እርግማን አይቻለሁ። እትዬ ስንዱ ይህንንም ጭምር እንዳነብላቸው ይፈልጋሉ። የተጻፈ ሁሉ ይነበብ ይሉኛል። ከታሪኩ ይልቅ በጠርዙ የሚስቁበት ቀን ነበር።

አንደኛው መጽሐፍ ሽፋን ስለሌለው «የነርሷ» እንለዋለን። ነርሷ እጮኛዋ ባሕር ማዶ ሄዶ ደብዳቤ ያቋረጠባት ናት። በየእሁዱ ለብሳ፣ ተቀብታ ባቡር ጣቢያ ትሄዳለች፤ ብቻዋን ትመለሳለች። እትዬ ስንዱ ይህን ሲሰሙ እግራቸው መርገጫው ላይ ቀስ እያለ ሄደ። የእሳቸው እጮኛ ዘምቶ ቀርቷል። ሞተ የሚል ወረቀት አልመጣም፣ አለ የሚልም አልመጣም። ሰባት ዓመት ጠብቀው ነበር።

ገጹ ጠርዝ ላይ፣ በአረንጓዴ እስክሪፕቶ፣ ጥሩ የእጅ ጽሕፈት፦ «እንዲህ ያለችውን ሴት ዕድሜዬን ሙሉ ብጠብቃት አይቆጨኝም።»

መኪናው ቆመ። ድጋሚ አንብቢ አሉኝ። ደግሜ አነበብኩ። የወንድ እጅ ነው የሴት ብለው ጠየቁኝ፤ የወንድ ነው አልኩ። በምን እንዳወቅሁ ግን አላውቅም። ከዚያ በኋላ ያን ቀን ብዙ አልሰፉም። ዳቦው ላይ ማርማላታውን እጥፍ አድርገው ቀቡልኝ።

በሳምንቱ ሌላ መጽሐፍ አመጣሁ። ሁለት ምዕራፍ እንዳነበብኩ «ያ ባለ አረንጓዴው የለም?» አሉኝ፣ ጨርቁን እያስተካከሉ፣ ምንም እንዳልመሰላቸው ሆነው። አልነበረም። ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። «አለ» አልኩ።

ምን እንደሚል ከየት እንዳመጣሁት አሁን አላስታውስም። ያን ክረምት ካነበብኩት ሁሉ ቆንጆ ቆንጆውን እየለቀምኩ እናገር ነበር። አንዴ «ብቸኝነት የገባው ሰው ብቻ ይህን ገጽ ይረዳዋል» አልኩ። አንዴ ደግሞ «አንቺ ከእኔ በኋላ ይህን መጽሐፍ የምትይዢው፣ ማን ትሆኚ?» አልኩ። እትዬ ስንዱ ቀልተው ሳቁ። እኔም የኮራሁት ኩራት። እዚህ ላይ ልጅ ነበርኩ፣ አላወቅሁም ብል ያምርልኝ ነበር። ውሸት እንደሆነ አውቅ ነበር። ያላወቅሁት ትልቅ ሰው እንደዚህ እንደሚያምን ነው።

ሐምሌ ሲያልቅ ሽማግሌ መጣ። የላኩት አቶ ግርማ ናቸው፣ ከጋሽ ሁሴን ሱቅ ፊት ለፊት ያሉት ሰዓት ሠሪ። ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ዝምተኛ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሰው ነበሩ። ግቢው በሙሉ ደስ አለው። እናቴ ለእትዬ ስንዱ ጠላ ጠመቃው ላይ ማን ማን እንደሚያግዝ ሳይቀር ተናገረች። እትዬ ስንዱ ለሽማግሌዎቹ መልሱን ከፍልሰታ በኋላ እሰጣለሁ አሉ። በጾም ስለ ጋብቻ ማውራት ነውር ስለሆነ ማንም አልተቀየማቸውም።

እኔ ግን አቶ ግርማን አልወደድኳቸውም። አንድ ዓይናቸው ላይ ጥቁር ቆብ የመሰለ ማጉያ ስለሚሰኩ ዓይናቸው የታመመ ይመስለኝ ነበር። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታሉ። አንድ ቀን የያዝኩትን መጽሐፍ አይተው «እኔ እንኳን ልብ ወለድ አይሆነኝም» ብለው ከረሜላ ሰጡኝ። ያን ጊዜ ፍርዴን ጨረስኩ። ባነበብኳቸው መጻሕፍት ውስጥ ቤንዚን የሚሸት ሰው ያፈቀረ የለም። ደግሞም ቤታቸው ኮልፌ ነበር። እትዬ ስንዱ ካገቡ ኮልፌ ይሄዳሉ፤ ንባቡም፣ ማርማላታውም፣ ያ በእጄ የገባው ትልቅ ሰውም አብሮ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

ጾሙ እየተገባደደ ሳለ እትዬ ስንዱ «የነርሷን» እንደገና እንድከራይ ላኩኝ። ጋሽ ሁሴን «አንቺ ልጅ፣ ይህን መጽሐፍ በቃልሽ ልትይዢው ነው እንዴ?» አሉኝ። ይዤው ስመጣ እትዬ ስንዱ በሩን ዘጉ። እርሳስ ቀርጸው አስቀምጠው ነበር። ከአረንጓዴው ጽሕፈት ስር የምላቸውን ጻፊልኝ አሉ፤ ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ዳኛ ፊት የቀረቡ ይመስል ተናገሩ።

«ስሜ ስንዱ ይባላል። ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰባት ዓመት ሰው ጠብቄ አልመጣልኝም። የጻፉት እውነትዎን ከሆነ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ድልድዩ ራስ ላይ ጥቁር ጃንጥላ ይዤ እቆማለሁ። ካልመጡም አልቀየምም። ግን ቢመጡ።»

«ግን ቢመጡ» ብለው ቆሙ። የሚቀጥለው ቃል አልመጣላቸውም፤ እንዲያው በዚያው ይሁን አሉ።

ጠርዙ ጠባብ ነበር። ጋሽ ሁሴንም ይህን ሁሉ ቢያዩ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። እጄም ሰነፈብኝ። ስለዚህ «ጥሩ መጽሐፍ ነው» ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ስንዱ አንብቢልኝ አሉ። የተናገሩትን አንድም ሳላጎድል በቃሌ አነበብኩላቸው። እሳቸውም አጎንብሰው ጽሑፉን አዩት፤ ትንሽ ቆይተው በጣታቸው ዳር ነካ አደረጉት።

ቅዳሜ ሄዱ። እኔም ከኋላ ተከትዬ፣ ከድልድዩ ማዶ ካለ ሱቅ ታዛ ስር ተጠልዬ አየኋቸው። ፀጉራቸውን ተሠርተዋል፣ ራሳቸው የሰፉትን የወይን ጠጅ ቀለም ቀሚስ ለብሰዋል። ዝናቡ ከስምንት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ወረደ። መንገደኛው እየሮጠ ያልፋል፣ ሻጮቹ እቃቸውን በላስቲክ ይሸፍናሉ፣ እሳቸው ግን ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም። ቦርሳ ያንጠለጠለ አንድ ሰውዬ ቀረብ ብሎ አንድ ነገር ሲጠይቃቸው ፊታቸው በራ። መንገድ ነበር የጠየቃቸው። በእጃቸው አሳዩት፣ እሱም አመስግኖ ሄደ። አስር ሰዓት ላይ ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። ሮጬ ቀድሜአቸው ግቢ ገባሁና ቧንቧው ጋ እግሬን የምታጠብ መሰልኩ። በአጠገቤ አልፈው ገቡ። ጫማቸው ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቅ ነበር።

እሁድ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ለመልስ ይመጣሉ። እሁድ ጠዋት እትዬ ስንዱ መጽሐፉን ደግሜ እንዳመጣ ላኩኝ። ሳልሰጣቸው ራሴ ይዤው ቁጭ አልኩ። ገለጥኩት። አረንጓዴው አለ፣ ከስሩ የእኔ ሦስት ቃል አለ፣ ሌላ ምንም የለም። እትዬ ስንዱ መኪናው ላይ ተቀምጠዋል፤ አይሰፉም። ለሽማግሌዎቹ ያዘጋጁት ድፎ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ተሸፍኗል። ምን እንደሚሉ ገና አልወሰኑም ነበር። እኔ «የለም» ብል እሺ ሊሉ እንደሆነ ከፊታቸው ገብቶኛል። አስራ አንድ ዓመት ይህን ለማወቅ አያንስም።

«መጥቼ ነበር» ብዬ አነበብኩ። «ከሩቅ አየሁሽ። ቀርቤ ለማናገር ድፍረት አጣሁ። ጊዜ ስጪኝ፣ ጠብቂኝ።»

ከየትኛው መጽሐፍ እንደሰረቅሁት አስታውሳለሁ፤ በዚያኛው መጽሐፍ ውስጥ ሰውየው በእውነት ይመጣል። እትዬ ስንዱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ተነስተው ፊታቸውን ታጠቡ።

ሽማግሌዎቹ ብዙ አልቆዩም። ከመስኮታችን ሆኜ ሲወጡ አየኋቸው፤ አንደኛው በመገረም ራሱን ይነቀንቃል። ዳቦውን እንኳን አልቆረሱትም። ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ ሳልናገር ይህን ታሪክ ብጨርስ ሌላ ውሸት ይሆናል።

ጳጉሜ ላይ አቶ ግርማ ሌላ ሴት እንዳጩ ተሰማ። የመስፍነ ሐረር መንገድ አካባቢ ሴት ናት አሉ፤ ሠርጉ ለጥቅምት ተቆረጠ። እትዬ ስንዱ ወሬውን ሰምተው ለመልካም ያድርግላቸው አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። ሲሰፉ ያንጎራጉሩ ነበር። የሚያስፈራኝ ያ ማንጎራጎር ነበር፤ ምክንያቱም እየጠበቁ ነው፣ እኔ ደግሞ የምላቸው እያለቀብኝ ነው። ከጨርቁ ክምር ስር አንድ የፊደል ገበታ አይቻለሁ፤ ከሐምሌ ጀምሮ እዚያ ነበር። ዩኒፎርም የምታሰፋ ሴት ለልጇ ገዝታ የረሳችው መሰለኝ።

ትምህርት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ዩኒፎርሜን ልለካ ገባሁ። «የነርሷ» መኪናው ላይ ተገልጣ አገኘኋት። እኔ አላመጣኋትም። እትዬ ስንዱ ራሳቸው ከጋሽ ሁሴን ዘንድ ሄደው ነው ያመጧት። ሌላም ሦስት መጽሐፍ ከጎኗ ተከምሯል፤ እኔ ባለ አረንጓዴውን «ያነበብኩባቸው» በሙሉ።

ጣታቸውን ከገጹ ላይ አላነሱም። እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየገፉ አነበቡ።

«ጥ… ሩ። መ… ጽ… ሐፍ። ነው።» ቀና አሉ። «እኔ ያልኩትስ የት አለ?»

«ቦታው ጠቦኝ ነው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ብዙ የማፍርበት ነገር ተናግሬአለሁ። እንደዚህ ያለ ግን የለም።

«ሰውየውስ?» አሉ።

«የለም።»

«ከመጀመሪያውም?»

«የመጀመሪያው አለ። እሱ እውነት ነው፣ እዚያው አለ» አልኩ፤ እንደ ማጽናኛ ነበር ያቀረብኩላቸው።

ጣታቸውን ወደ ላይ ወደ አረንጓዴው ጽሕፈት ወሰዱት። እሱን ለማንበብ ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። ሁለት ቦታ ተሳስተው መለሱት። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ፤ አላገዝኳቸውም። ሲጨርሱ መጽሐፉን ዘጉት።

«እሱማ ለነርሷ ነው የጻፈው» አሉ።

አልመቱኝም፣ አልጮሁም። የሰውየውን እጅ ጽሕፈት በራሳቸው ዓይን ሊያነቡ ብለው ክረምቱን ሙሉ እኔ ከወጣሁ በኋላ ገበታውን እየዘረጉ ማያያዝ ሲማሩ እንደነበር፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆነው ነገሩኝ። ከዚያ ዩኒፎርሜን አንስተው ለኩኝ። የታችኛውን ጠርዝ ጉልበቴ ላይ አጥፈው በመርፌ ያዙት። ልሄድ ስል በሩ ላይ አስቆሙኝ።

«ለእናትሽ አልናገርም» አሉ። «አንቺም ለማንም እንዳትናገሪ። ስለ አንቺ ብዬ አይደለም። አንዲት ትልቅ ሴት የሌለ ሰው ጠብቃ ዝናብ ላይ ቆመች ሲባል ከምሰማ፣ ኩራተኛ ናት ቢሉኝ ይሻለኛል።»

እንዳሉትም አሏቸው። ግቢው ኩራተኛ አላቸው፣ ማን ነኝ ብላ ነው አላቸው፣ ዕድሏን ረገጠች አላቸው። እትዬ ስንዱ «አልተመቸኝም» ከማለት በቀር መልስ አልሰጡም። ከዚያ በኋላ አንብቢልኝ ብለው አልጠሩኝም።

የትምህርት ቤት መክፈቻ ዕለት ምሽት ራት ቀርቦ ተቀምጠን ነበር። እናቴ ስለ አቶ ግርማ ሠርግ ታወራለች። ሙሽራዋ ምን ያህል እንደታደለች፣ ሰውየው እንዴት ያለ ጨዋ እንደሆነ ትዘረዝራለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ቧንቧው በኩል አየች።

«እንዲህ ያለውን ሰው መልሳ፣ ለመሆኑ ማንን ትጠብቅ ነበር?» አለች።

አባቴ ትከሻውን ነቀነቀ። እናቴ እኔንም አየችኝ፣ ሁልጊዜ እዚያ ስለምውል። እኔ አላውቅም አልኩና ሽሮው ሳይቀዘቅዝ በላሁ።